በውርስ ዝርዝር ውስጥ የተቆጠረች አገልጋይ፦ የኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ሕይወት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ረመዳን መጨረሻ በመስጂዳችን የዘካተል ፊጥር ዝርዝር የምቀበለው እኔ ነበርኩ። እንደምታውቁት ፊጥራ የሚወጣው በነፍስ ወከፍ ነው። አባወራው የቤተሰቡን ስም በወረቀት ጽፎ ያመጣል፤ እኔ እቆጥርና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሷዕ አስቤ ድምሩን እነግረዋለሁ። አንድ ማታ ከተራዊሕ በኋላ ወረቀቶቹን ሳስተካክል አንዱ ላይ ዓይኔ ቆመ። የባልና የሚስት ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። የአራት ልጆች ስም ተጽፏል። ከተወለደች ሁለት ወር ያልሞላት ሕፃን እንኳን በሙሉ ስሟ አለች። የመጨረሻው መስመር ግን «ሠራተኛ፦ 1» ይላል።

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ደመወዝ የሚከፈላት ሠራተኛ ፊጥራዋ በራሷ ላይ እንጂ በአሠሪዋ ላይ ግዴታ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ፈቅዶ ነው ያወጣላት፤ አላህ ይቀበለው። ሌሎቹን ወረቀቶች ገለጥኩ፤ ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። በመጨረሻ የእናቴ ቤት ወረቀት እጄ ገባ። የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። እሱም «ሠራተኛ» ይላል።

ያን ማታ ደረሳ ሆኜ ያነበብኩት አንድ ሌላ ዝርዝር ትዝ አለኝ። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የውርስ ዝርዝር ነው። የጃሂሊያ ዘመን ዝርዝር ነው፤ አገልጋይቱ ከግመል ጋር ተቆጥራበታለች። ነገር ግን ስሟ ተጽፏል። ዛሬ የዚያችን አገልጋይ ሕይወት ከቤተሰቡ ወሬዎችና መዛግብት እየለቀምን እንከተል።

የውርሱ ዝርዝር

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አባት ዐብደላህ ኢብኑ ዐብዱልሙጦሊብ ከንግድ ጉዞ ሲመለሱ ያኔ የሥሪብ በምትባለው መዲና ታመው ሞቱ። ገና ወጣት ነበሩ፤ ባለቤታቸው አሚናም ነፍሰ ጡር ነበሩ። ብዙ ሀብት አልነበራቸውምና ትተውት የሄዱት ንብረት ጥቂት ነው። በ230 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢብኑ ሰዕድ «ጦበቃት» በተባለው ኪታባቸው ከመምህራቸው ከአልዋቂዲ ይዘው ዝርዝሩን አቆይተውልናል፦ ኡሙ አይመን፣ አምስት ግመሎችና ጥቂት በጎች። ይኸው ነው። ይህ ሁሉ ለዚያ ወላጅ አልባ ልጅ ውርስ ሆነ።

ይህን አጭር ዝርዝር በእርጋታ ስናየው ሁለት ነገር እናገኝበታለን። አንደኛው፣ የሰው ልጅ ከግመልና ከበግ ጋር በአንድ መስመር መቆጠሩ ነው። ያ ዘመን ባሪያ ንብረት የነበረበት ዘመን ነው፤ ይህን ማለሳለስ አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው። «ኡሙ አይመን» ማለት «የአይመን እናት» ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግን አይመን የሚባል ልጅ አልተወለደም። ያኔ ስሟ በረካ ነበር። ስለዚህ ወሬውን ያስተላለፉልን ሰዎች በኋላ ማን እንደሆነች የሚያውቁ ናቸው ማለት ነው። እንደ ንብረት የተቆጠረችበትን ቀን ሲያወሩ እንኳን የጠሯት በእናትነት ስሟ ነው።

የትውልድ አገሯን በተመለከተ ጠንካራ ማስረጃ አለን። ታላቁ ታቢዒይ ኢብኑ ሺሃብ አዝዙህሪ በሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ እንደተዘገበው የዐብደላህ ኢብኑ ዐብዱልሙጦሊብ አገልጋይ እንደነበረችና ከሐበሻ እንደሆነች ተናግረዋል። የነሰብ ጸሐፊዎች ደግሞ የአባቷን ስም ሠዕለባ ብለው መዝግበዋል።

አብዋ ላይ

ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው እናቱ አሚና የየሥሪብ ዘመዶቹን፣ የበኒ ነጃር ሰዎችን፣ ሊያሳዩት ይዘውት ሄዱ። ኢብኑ ሰዕድ ስለ ጉዞው የነገሩን ጥቂት ነው፤ ግን በቂ ነው። ሁለት ግመሎች ነበሩ። ተጓዦቹ አሚና፣ ልጁና በረካ ነበሩ። አንድ ወር ያህል ቆዩ። ሲመለሱ በመካና በመዲና መካከል ባለችው በአብዋ አሚና ታመሙ፤ እዚያው አረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ።

ሲራ ስንቀራ ይህን ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈነው እንሄዳለን። እስቲ ዛሬ ትንሽ እንቁም። ከመቃብሩ አጠገብ የቀሩት አንዲት ወጣት ሴትና የስድስት ዓመት ልጅ ናቸው። በዘመኑ ልማድ ከሆነ ልጁ ጌታዋ ነው፤ እሷ የእሱ ውርስ ናት። በእውነታው ግን የልጁ ነፍስ ያለችው በእሷ እጅ ነው። ውሃውን የምታውቀው፣ ግመሎቹን የምትጭነው፣ ሌሊት የሚያለቅሰውን ልጅ የምታባብለው እሷ ናት። ኢብኑ ሰዕድ በሁለቱ ግመሎች ልጁን ይዛ ወደ መካ እንደተመለሰች ይነግሩናል። ልጁን ለአያቱ ለዐብዱልሙጦሊብ አስረከበች፤ እሷም ከልጁ ጋር ቀረች።

ከተቆጣሪነት ወደ ምስክርነት

ከዚህ በኋላ በመዝገቡ ውስጥ ቦታዋ ይለወጣል። ዐብዱልሙጦሊብ ልጁን ከሌሎች ልጆች ጋር ራቅ ብሎ አገኙትና በረካን በስሟ ጠርተው ልጄን ችላ እንዳትዪው ብለው አደራ አሏት። አንድ የቁረይሽ አለቃ ስሟን ጠርቶ አደራ ሲሰጣት መዝገብ ላይ የምናገኘው እዚህ ነው።

ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው አያቱም ሞቱ። በዚያ ቀን ልጁ ከአያቱ አስከሬን ኋላ እያለቀሰ ነበር። ይህን ማን ነገረን? የአጎቶቹ ወሬ አይደለም፤ የመካ ሹማምንትም አልነገሩንም። አይቻለሁ ብላ የተናገረችው ኡሙ አይመን ናት። በመጀመሪያው ወሬ ውስጥ የምትቆጠር ነበረች፤ እዚህ ግን የምትመሰክር ሆነች። ትልልቆቹ ሰዎች ቀብሩንና ሹመቱን ሲያዩ፣ ልጁን የምታየው እሷ ነበረች። ዛሬ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) የልጅነት እንባ የምናውቀው በአንዲት የቤት አገልጋይ ዓይን ነው።

ነፃነት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እመት ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ኡሙ አይመንን ነፃ እንዳወጧት ኢብኑ ሰዕድ ጽፈዋል። ይህ ከነቢይነት በፊት ነው። ከዚያ ከኸዝረጅ ነገድ የሆነው ዑበይድ ኢብኑ ዘይድ አገባት፤ አይመን ተወለደ። «ኡሙ አይመን» የሚለው ስም ከዚህ ይጀምራል። ከነቢይነት በኋላ ደግሞ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ) አገቧት። ዘይድም በልጅነታቸው ተማርከው ለባርነት የተሸጡ፣ በኋላም ነፃ የወጡ ሰው ናቸው። ከሁለቱ ኡሳማ (ረ.ዐ) ተወለደ።

እስካሁን «እሷ» እያልኩ ጻፍኩ፤ ልጃገረድ ስለነበረች ነው። ከዚህ በኋላ ግን ነፃ የወጣች፣ የልጆች እናት፣ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አሳዳጊ ናት። በአማርኛችን ወግ «እሳቸው» እላለሁ።

መጠጡ

በሰሒሕ ሙስሊም አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የነገሩን አንድ ትንሽ የቤት ወሬ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ኡሙ አይመን ቤት ሄዱ፤ አነስም አብረው ነበሩ። ኡሙ አይመን የሚጠጣ ነገር በዕቃ አቀረቡላቸው። ጾመኛ ሆነው ይሁን ወይም ሳይፈልጉት ቀርተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልጠጡም። ኡሙ አይመንም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተቆጡባቸው።

ይህን ሐዲስ መጀመሪያ ስቀራ ደንግጬ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ። የቀረበላትን ምግብ ልጇ አልበላም ሲላት የምትቆጣው ማን ናት? እናት ናት። አገልጋይ ሆኖ የቀረ ሰው እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ዕቃውን አንስቶ ይወጣል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አልገሠጿቸውም። በኢብኑ ሰዕድ ዘገባዎች «እናቴ» ብለው ይጠሯቸው እንደነበር፣ ከቤተሰባቸው የቀሩላቸው እሳቸው እንደሆኑም ይናገሩ እንደነበር ሰፍሯል። ሊቃውንት በእነዚህ ዘገባዎች ሰነድ ላይ ንግግር አላቸው። የአነስ ሐዲስ ግን በሰሒሕ ውስጥ ያለ ነው፤ ትርጉሙም ያንኑ ነው የሚነግረን።

የተምር ዛፎቹ

ሌላው ማስረጃ የንብረት ጉዳይ ነው፤ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ ምንም አልነበራቸውም፤ አንሷሮች ከተምር ዛፎቻቸው ሰጧቸው። የአነስ እናት ኡሙ ሱለይም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጧቸውን ዛፎች እሳቸው ለኡሙ አይመን ሰጧቸው። በኋላ ሙስሊሞች ሲደላደሉ ዛፎቹ ለባለቤቶቹ እንዲመለሱ ሆነ። ቤተሰቦቹም አነስን ሄደህ ጠይቅ ብለው ላኩት።

ኡሙ አይመን መጡ። ልብስ በአነስ አንገት ላይ ጥለው ያዙትና በአላህ ስም እየማሉ አይሰጥህም አሉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምትኩ ይህን ያህል ይኑርሽ ይሏቸዋል፤ እሳቸው አሻፈረኝ ይላሉ። ይጨምሩላቸዋል፤ እምቢ ይላሉ። በመጨረሻ አሥር እጥፍ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ሰጥተው አስማሟቸው።

እስቲ ይህን ከመጀመሪያው ዝርዝር ጋር አስተያዩት። በዚያኛው ኡሙ አይመን ራሳቸው ከንብረቱ ውስጥ ናቸው። በዚህኛው ባለንብረት ሆነው፣ በእጃቸው ያለውን በአደባባይ ይሟገቱለታል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አንቺን ያሳደግን እኛ፣ ነፃ ያወጣንሽ እኛ አላሉም። ውለታ አልቆጠሩም፤ በትዕግሥት ጨመሩላቸው እንጂ።

አንደበታቸው

እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚነካን አንድ ዘገባ ኢብኑ ሰዕድ ጋር አለ። ሰነዱ እንደ ሰሒሖቹ ጠንካራ ባይሆንም የታሪክ ሰዎች ጽፈውታል። በሑነይን ዘመቻ ቀን ኡሙ አይመን ለሠራዊቱ አላህ እግራችሁን ያጽናላችሁ ብለው ዱዓ አደረጉ። ዱዓው ላይ «ሣ» የሚባለው፣ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ የሚነገረው ሐርፍ አለ። እሳቸው ግን «ሰ» አድርገው አወጡት፤ ትርጉሙም ተቀየረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንደበታቸው እንደሚያስቸግራቸው ነግረው ዝም እንዲሉ አዘዟቸው። በሌላ ዘገባ ደግሞ ሰላምታውን ሲሉ «ላ» የምትል ትርፍ ቃል እየገባችባቸው ትርጉሙ ይገለበጥ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) «ሰላም» ብቻ እንዲሉ ፈቀዱላቸው።

መድረሳ ያስተማረ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። በአማርኛ ያ ሐርፍ የለም። ልጆቻችን «ሱመ» እያሉ ስንቴ አርመናቸዋል! የአባታቸውን የሠዕለባን ስም እንኳን አብዛኞቻችን በትክክል አናወጣውም። ኡሙ አይመን ከልጅነት ጀምሮ መካ ኖረው፣ ከቁረይሽ መካከል አርጅተው እንኳን የሐበሻ ምላሳቸው አልተዋቸውም። በዚህ ምክንያት ግን ማንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አላራቃቸውም። ሰላምታው ተቀለለላቸው እንጂ።

ስምንተኛው ዓመት

ኡሙ አይመን በኡሑድ ዘመቻ ውሃ ያጠጡና ቁስለኛ ያክሙ ነበር፤ ኸይበርም ተገኝተዋል። ሥራው ያው የድሮ ሥራቸው ነው፤ ውሃ ማቅረብ፣ መንከባከብ። አሁን ግን ማንም አላዘዛቸውም።

8ኛው ዓመተ ሒጅራ ከባድ ነበር። በጁማደል ኡላ ባለቤታቸው ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ በሙእታ ጦርነት የሠራዊቱ አዛዥ ሆነው ሸሂድ ሆኑ። በዚያው ዓመት በሸዋል ወር የመጀመሪያ ልጃቸው አይመን በሑነይን ሸሂድ ሆነ። ባልና ልጅ በወራት ልዩነት ሄዱ።

የቀረው ኡሳማ ነው። ኡሳማ እንደ እናቱ ጠይም ነበር፤ አባቱ ዘይድ ደግሞ ቀይ ነበሩ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰዎች በትውልዱ ላይ ያሙ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ በአንድ ልብስ ተሸፍነው እግራቸው ብቻ ወጥቶ ተኝተው ሳለ፣ መልክ አይቶ ዝምድና በመለየት የሚታወቅ ሙጀዚዝ የተባለ ሰው አየና እነዚህ እግሮች አንዱ ከአንዱ ነው አለ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በደስታ ፊታቸው እያበራ ወደ እሳቸው ገቡ። የአገልጋይ ልጅ በመሆኑ የሚነገር ሐሜት ሲቀር ምን ያህል እንደተደሰቱ ተመልከቱ።

በ11ኛው ዓመተ ሒጅራም ኡሳማን፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላውን ወጣት፣ የጦር አዛዥ አድርገው ሾሙት። በሥሩ ከታላላቅ ሰሓቦች ነበሩበት። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለሹመት የተገባ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ።

ሁለቱ የሞት ቀኖች

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ በኋላ አቡበክር ለዑመር (ረ.ዐ) ነቢዩ ይጎበኟቸው እንደነበረው ኡሙ አይመንን እንጎብኛቸው አሏቸው። ሄዱ። ኡሙ አይመን አለቀሱ። አላህ ዘንድ ያለው ለረሱሉ የተሻለ አይደለም ወይ ሲሏቸው፣ ያንንስ አውቃለሁ፤ የማለቅሰው ወሕይ ከሰማይ ስለተቋረጠ ነው አሉ። ሁለቱም አብረዋቸው አለቀሱ። ይህም በሰሒሕ ሙስሊም ነው። የሙስሊሞች ኸሊፋና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው የአንዲት የቀድሞ አገልጋይን ደጅ ይረግጣሉ፤ ቁጭ ብለውም ከሷ ይማራሉ።

መቼ እንደሞቱ ስንጠይቅ መዝገቦቹ ይለያያሉ። አዝዙህሪ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አምስት ወር በኋላ ይላሉ። አልዋቂዲ ደግሞ እስከ ዑሥማን (ረ.ዐ) ኺላፋ መጀመሪያ ያደርሷቸዋል፤ በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ ዑመር (ረ.ዐ) ሲገደሉ እስልምና ዛሬ ተዳከመ ብለው እንዳለቀሱም ይዘገባል። በሁለቱ መካከል ወደ 13 ዓመት ልዩነት አለ።

አገልጋይ የነበረን ሰው ታሪክ የሚከታተል ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመዋል። የስም መመሳሰልም አለ። ከኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ጋር ከሐበሻ የመጣች በረካ የምትባል ሌላ አገልጋይ ነበረች፤ የአንዷ ወሬ ለሌላዋ የተሰጠበት ጊዜ አለ። ኢብኑ ሐጀርን የመሰሉ ሊቃውንት ሁለቱን ለመለየት ደክመዋል። ልብ በሉ፤ የሁለት አገልጋዮችን ስም እንዳይደባለቅ መለየት ለእነዚያ ታላላቅ ዑለሞች የሚደከምበት ዒልም ነበር።

በልጅ ልጆች ዘመን

አንድ ቀን ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) መስጂድ ውስጥ ሩኩዑንና ሱጁዱን ያላሟላ ሰው አይተው ሶላቱን እንዲደግም ነገሩት። ሲሄድ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሐጃጅ ኢብኑ አይመን ኢብኑ ኡሙ አይመን ነው ተባሉ። ትውልዱ ሲቆጠር ወደ አባት ሳይሆን ወደ ሴት አያት መሄዱን አስተውሉ። ኢብኑ ዑመርም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ልጅ ቢያዩት ይወዱት ነበር አሉ፤ የኡሙ አይመንን ልጆች እንዴት ይወዱ እንደነበርም አወሱ። ይህ በቡኻሪ ነው።

የመጨረሻው መዝገብ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። የኡሳማ ልጅ ሐሰን ከአንድ ሰው ጋር ተጣላ። ሰውየው የራሱ የኡሳማ ቤት መውላ የነበረ፣ ኢብኑ አቢል ፉራት የሚባል ነው። በጠቡ መካከል ሐሰንን «የበረካ ልጅ!» አለው። ሐሰን የነበሩትን ሰዎች መስክሩልኝ አለና ክሱን በዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ሹመት የመዲና ዳኝነት ወደ ያዙት ወደ አቡበክር ኢብኑ ሐዝም ወሰደው። እኚህ ቃዲ ሐዲስ በጽሑፍ እንዲሰበሰብ ከዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ትእዛዝ የደረሳቸው ታላቅ ሰው ናቸው።

ቃዲው ምን ማለትህ ነው ብለው ጠየቁት። ሰውየው በስሟ ነው የጠራኋት አለ። እውነት ነው፤ ስማቸው በረካ ነው፤ ትርጉሙም ያማረ ነው። ቃዲው ግን ልታሳንሳቸው ፈልገህ ነው አሉት። እስልምና ውስጥ ያላቸው ቦታ የታወቀ ነው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «እናቴ» እና «ኡሙ አይመን» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው ብለው ሰባ ጅራፍ አስገረፉት። ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት ነው።

ጥፋቱ ቃሉ ላይ አልነበረም፤ አጠራሩ ላይ ነበር። ከእናትነታቸው አውርዶ ወደ ዝርዝሩ ሊመልሳቸው ነው የፈለገው። ቃዲውም አይቻልም አሉ።

የኛ ዝርዝር

ወንድሞችና እህቶች፣ አያቶቻችን «ገረድ» ይሉ ነበር። ቃሉ ስድብ ሲሆንብን «ሠራተኛ» አልን። ቃሉን ቀየርን፤ ግን ስሟን አልጻፍንም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳን የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ወደፊት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ ለብቻ አስቀምጦታል። ወደ ጅዳና ወደ ቤይሩት ከሚሄዱት እህቶቻችን ደግሞ ስማቸውና ዕድሜያቸው በፓስፖርት ላይ ተቀይሮ የሄዱ አሉ። ባዕድ አገር ሞት ቢመጣ በየትኛው ስም ይፈለጋሉ? ዐረቡን አሠሪ ስማችንን አያውቅም ብለን እንወቅሳለን። እሺ፣ እኛስ እቤታችን ያለችውን እናውቃለን?

ያን ማታ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ዕቃ እያጠበች ነበር። ሦስት ዓመት አብራን ኖራለች። የእናቴን መድኃኒት ሰዓት ከኔ በላይ ታውቃለች፤ እናቴ ሌሊት ስታቃስት የምትነሳው እሷ ናት። ሙሉ ስምሽ ማነው አልኳት። ደነገጠች። ምን አጠፋሁ አለችኝ። ምንም አላጠፋሽም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለፊጥራው ልጽፈው ነው አልኳት። የራሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን ስም ነገረችኝ። የአያቷን ስም ስትናገር ፈገግ አለች፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እናቴም ከአልጋዋ ሆና እየሰማች ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቃት!» አለች።

አዲስ ወረቀት አወጣሁና ሁሉንም እንደገና ጻፍኩ። የእሷን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ አስገባሁ። የቤተሰቧንም ስልክ ጨመርኩበት።

እናንተም ከፊጥራው ቀን በፊት ይህን አድርጉ። ሙሉ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቀበሌዋን፣ የቅርብ ዘመዷን ስልክ ጻፉ። የደመወዟን ቀንና መጠን ጻፉ። ልጆቻችሁ «ሠራተኛዋ» ሳይሆን በስሟ፣ ትልቅ ከሆነች «እትዬ» ብለው እንዲጠሯት አስተምሩ። ነገ ልጆቻችሁ የቤታችሁን ታሪክ ሲያወሩ፣ ስለናንተ እንባ የሚመሰክረው ማን እንደሚሆን አታውቁም። ምናልባት በወረቀታችሁ መጨረሻ መስመር ላይ ያለችው ናት።

አላህ ኡሙ አይመንን ይውደድላቸው። በቤታችን ያሉትን አደራዎች የምናከብር ያድርገን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።